አንድ እባብ ወይስ ሁለት? ለክሊኒክ፣ ለፋርማሲና ለጤና ማኅበር ምልክት ስትመርጡ

አዲስ ክሊኒክ ሲከፈት ሎጎ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ፈቃዱ ወጥቶ፣ ቤቱ ቀለም ተቀብቶ፣ የላብራቶሪ ዕቃው ገብቶ ሲያልቅ ታፔላ የሚሠራው ልጅ ይመጣና "ምልክቱ ምን ይሁን?" ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ከኢንተርኔት ላይ እባብ የተጠመጠመበት በትር ይወርዳል። ከስሙ ጎን ይለጠፋል። ቀጥሎ ማህተሙ ላይ፣ የቀጠሮ ካርዱ ላይ፣ የሐኪሞቹ ጋዋን ላይ ይገባል። አንዴ ከገባ ደግሞ መቀየሩ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል።

ኢንተርኔት ላይ የሚገኘው በትር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የአስክሌፒዮስ ነው፤ ሌላው የሄርሜስ። ሁለቱም ከጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ የመጡ ናቸው። የሚወክሉት ነገር ግን በጣም የተራራቀ ነው። አስክሌፒዮስ በሽተኛ ለማዳን የሚደክም ሐኪም ነው። ሄርሜስ የነጋዴዎች፣ የመንገደኞች፣ የሌቦችም ሳይቀር ጠባቂ ነው። በሁለቱ መካከል ለመምረጥ ከሥዕሉ ይልቅ ከኋላው ያለውን ሰው ማወቅ ይጠቅማል። ስለዚህ ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለእሱ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዓይን እንዴት ይለያሉ?

የአስክሌፒዮስ በትር ሻካራ ምርኩዝ ነው። መንገደኛ የሚደገፍበት ዓይነት፣ አንዳንዴም የተቆረጠ ቅርንጫፍ ጉጥ የሚታይበት። የተጠመጠመበት እባብ አንድ ብቻ ነው። ክንፍ የለውም።

የሄርሜስ በትር አጭርና ቀጭን ነው። ሁለት እባቦች ተጠላልፈው ይወጡና ጫፉ ላይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ብዙ ጊዜ ከላይ ሁለት ክንፎች አሉት። ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ለዓይን ይማርካል። ዲዛይነሮች ቶሎ የሚያነሱት በዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛም አለ። እባብ የተጠመጠመበት ጽዋ። እሱ የአስክሌፒዮስ ልጅ የሂጊያ ነው፤ ወደ ፋርማሲው ስንደርስ እመለስበታለሁ።

አስክሌፒዮስ፦ የሚችለውንና የማይችለውን የተማረው ሐኪም

በጥንቱ የሆሜር ግጥም ውስጥ አስክሌፒዮስ አምላክ አይደለም። ነቀፋ የሌለበት ሐኪም ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ሁለቱ ልጆቹ ማካዖንና ፖዳሊሪዮስ ከቴሳሊ 30 መርከብ አስከትለው ወደ ትሮይ ይዘምታሉ፤ እዚያም የቆሰለ ያክማሉ። ስሙ ከልጆቹ ጋር የሚነሳው በሙያው ነው።

የኋለኞቹ ትረካዎች ልደቱን ከፍ ያደርጉታል። አባቱ አፖሎ የሚባል አምላክ ነው፤ እናቱ ኮሮኒስ የምትባል ሟች ሴት። ኮሮኒስ ፀንሳ ሳለ ከሌላ ወንድ ጋር ሆነች። አፖሎ ተቆጣ፤ እህቱ አርጤምስም ኮሮኒስን በቀስት ገደለቻት። ሬሳዋ በእንጨት ክምር ላይ ሲቃጠል አፖሎ አላስቻለውም። ከእሳቱ መካከል ሕፃኑን ከማህፀኗ አወጣው። ወስዶም ለኪሮን ሰጠው። ኪሮን ከወገቡ በላይ ሰው፣ ከወገቡ በታች ፈረስ የሆነ፣ በፔሊዮን ተራራ ላይ የሚኖር ጠቢብ ነው። ዕፀዋትን፣ ቁስል ማጠብንና መቁረጥን ያስተማረው እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሕክምናው አባት ከሞተች እናት ሆድ የወጣ ልጅ ነው። የተረፈው ሌላ ሰው እጁን ወደ እሳት ስለከተተለት ነው። ግሪኮች ይህን ታሪክ ለሐኪማቸው መስጠታቸው ዝም ብሎ የሆነ አይመስለኝም።

አስክሌፒዮስ አድጎ ዝናው ወጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ገጣሚ ፒንዳር እንደሚለው የቆሰለውንም፣ ትኩሳት የያዘውንም፣ በክረምት ብርድ የታመመውንም ያድን ነበር። ለአንዱ መጠጥ፣ ለአንዱ ቅባት፣ ለአንዱ ቢላዋ። ከዚያ ግን አንድ ቀን ወርቅ አየ። ብዙ ወርቅ ቀርቦለት የሞተ ሰው አስነሳ። የአማልክት ንጉሥ ዜውስም በመብረቅ መታው፤ የተነሳውንም ሰው አብሮ። በሌላ ትረካ ለዜውስ የከሰሰው የሙታን ንጉሥ ሐዴስ ነው፤ ሐኪሙ ሰው ሁሉ እያዳነ አገሬን ባዶ አደረገብኝ ብሎ።

ሁለቱ ትረካዎች የተለያየ ነገር ይላሉ። ሁለተኛው ላይ አስክሌፒዮስ የሞተው ሥራውን አብዝቶ በመሥራቱ ነው። የመጀመሪያው ላይ የሞተው ገንዘብ አይቶ ከድንበሩ ስላለፈ ነው። ለእኔ ከባዱ የፒንዳር ነው። ሐኪም የማይችለውን እችላለሁ ብሎ ገንዘብ ሲቀበል ምን እንደሚሆን በግልጽ ይናገራል። ይህን ታሪክ የተሸከመ ምልክት በር ላይ መስቀል ቀላል ነገር አይደለም፤ በሽተኛው ባያውቀው እንኳ ሐኪሙ ያውቀዋል።

አስክሌፒዮስ ከሞተ በኋላ አምላክ ሆነ ተብሎ በብዙ ቦታ ይመለክ ጀመር። ትልቁ ማዕከሉ በፔሎፖኔዝ ያለው ኤፒዳውሮስ ነበር። በሽተኛው ይመጣል፣ ይታጠባል፣ መሥዋዕት ያቀርባል፣ ከዚያ በተለየ አዳራሽ ውስጥ ይተኛል። ሌሊት በሕልሙ አምላኩ መጥቶ ይፈውሰዋል ወይም ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል ተብሎ ይታመናል። መርዝ የሌላቸው እባቦች በግቢው ውስጥ ይንቀሳቀሱ ነበር። በአጠገቡ የተሠራው ቲያትር ዛሬም ቆሟል፤ ቦታው በ1988 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት በኤፒዳውሮስ ድንጋይ ላይ ተቀርጸው የቆሙ የፈውስ ታሪኮች አሉ። ከእነሱ አንዱን በጣም እወደዋለሁ። ዩፋኔስ የሚባል ልጅ በውስጡ ድንጋይ ያመዋል፤ የፊኛ ጠጠር ማለት ነው። ተኝቶ ሳለ አምላኩ ይመጣና "ባድንህ ምን ትሰጠኛለህ?" ይለዋል። ልጁ "አስር የመጫወቻ አጥንቶች" ይላል። የግሪክ ልጆች የሚጫወቱበት የበግ ቁርጭምጭሚት ነው። አምላኩ ሳቀ፤ አድንሃለሁም አለው። ሲነጋ ልጁ ድኖ ወጣ ይላል ጽሑፉ።

የሆነውን አልሆነውን ለመከራከር አይደለም የማነሳው። ሰዎች ሐኪማቸው እንዲህ እንዲሆን ይመኙ እንደነበር ስለሚያሳይ ነው። በአንድ በኩል በወርቅ የተታለለው ሐኪም መብረቅ ወረደበት። በሌላ በኩል ልጅ ያለውን አሥር አጥንት ሲሰጠው ስቆ ይቀበላል። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።

እባቡስ? እባብ ቆዳውን ጥሎ አዲስ ሆኖ ስለሚወጣ የመታደስ ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። መርዙ ደግሞ ይገድላል፤ ከመድኃኒትና ከመጠኑ ጋር ለሚሠራ ሰው ይህም ትርጉም አለው።

የአስክሌፒዮስ ስም ወደ ሙያው የገባው በዚህ መንገድ ነው። ጥንታዊው የሂፖክራተስ መሐላ የሚጀምረው በአፖሎ፣ በአስክሌፒዮስና በልጆቹ በሂጊያና በፓናኬያ ስም ነው። ሂፖክራተስ የተወለደባት የቆስ ደሴትም ሆነ ሌላው የጥንት ሐኪም ጋሌን የተወለደበት ጴርጋሞን ትልልቅ የአስክሌፒዮስ ማዕከላት ነበሯቸው። ሶቅራጥስም በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት መርዙን ጠጥቶ ሊሞት ሲል፣ ፕላቶ እንደጻፈው፣ የመጨረሻ ቃሉ ለአስክሌፒዮስ ዶሮ ዕዳ አለብንና እንዳትረሱ የሚል ነበር።

ሄርሜስ፦ ፈጣኑ መልእክተኛ

ሄርሜስን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው ያውቀዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ የልስጥራን ሰዎች በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ብለው የጠሯቸው እሱን አስበው ነው። ድያ ያሉት ዜውስን ነው። ጳውሎስን ሄርሜን ያሉበትን ምክንያት እዚያው ታገኙታላችሁ፤ በመናገር ዋናው እሱ ስለነበረ። ሄርሜስ የአማልክት አፍ ነው። መልእክት ያደርሳል፣ ያስታርቃል፣ ይደራደራል።

በተወለደበት ቀን ከአልጋው ወርዶ የአፖሎን ከብቶች ሰረቀ። በዚያው ቀን በኤሊ ቅርፊት ላይ አውታር ወጥሮ ክራር መሰል መሣሪያ ሠራ። አፖሎ ሲደርስበት መሣሪያውን ሰጥቶ ታረቀው። ከዚህ ጀምሮ የገበያ፣ የመንገድ፣ የድርድርና የብልጠት አምላክ ሆነ። በትሩ የመልእክተኛ በትር ነው፤ የያዘው ሰው በጠላት መካከል ሳይነካ ያልፋል።

አንድ ሥራ ደግሞ አለው፤ ለክሊኒክ ባለቤት ይህን ልንገር። የሞቱትን ሰዎች ነፍስ ወደ ሐዴስ የሚሸኘው ሄርሜስ ነው። የሚሸኛቸውም በትሩን ይዞ ነው።

ይህን ስል ምልክቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ቦታው ሌላ ነው። የግሪክ የመጀመሪያ ቴምብሮች በ1861 ሲወጡ የሄርሜስ ራስ ነበረባቸው፤ የቻይና ጉምሩክ አርማ ላይም በትሩ ከቁልፍ ጋር ተጣምሮ አለ። አስመጪና ላኪ ድርጅት፣ የጭነት አስተላላፊ፣ የፖስታና የመልእክት ሥራ፣ የትርጉም ቢሮ ካላችሁ ከሄርሜስ የተሻለ አታገኙም።

ታዲያ ሆስፒታል ላይ እንዴት ወጣ?

በ16ኛው መቶ ዓመት በባዝል ከተማ የነበረው አታሚ ዮሐን ፍሮበን የሄርሜስን በትር የማተሚያ ቤቱ ምልክት አድርጎ ነበር። በኋላም ሌሎች አታሚዎች በሕክምና መጻሕፍት ላይ ይጠቀሙበት ጀመር። መልእክት የሚያደርስ አታሚ ሄርሜስን ቢመርጥ ትክክል ነው፤ አንባቢው ግን መጽሐፉ የሕክምና ስለሆነ ምልክቱም የሕክምና መሰለው።

ትልቁ መዛባት የመጣው በ1902 ነው። የአሜሪካ ጦር የሕክምና ክፍል የሄርሜስን በትር የመለያ ምልክቱ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ በየሆስፒታሉ፣ በየኢንሹራንሱ፣ በየመድኃኒት ማሸጊያው ላይ ተሰራጨ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ግን በ1910 አንድ እባብ ያለውን በትር መረጠ። በ1992 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ልዩነቱን አሳይቷል። ከሙያ ማኅበራት 62 በመቶው የአስክሌፒዮስን ሲጠቀሙ፣ ከንግድ ድርጅቶቹ 76 በመቶው የሄርሜስን ይጠቀሙ ነበር። ሙያው የራሱን ያውቃል፤ ገበያው ደግሞ ያማረውን ይወስዳል።

አሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነርሶችና ሐኪሞች ሁለት እባብ ያለውን ምልክት ማየት ስለለመዱ አገር ቤት ክሊኒክ ሲከፍቱ ያንኑ ቢያመጡ አይገርምም። እዚያ የተለመደ መሆኑ ግን ትክክል አያደርገውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1948 ከተባበሩት መንግሥታት አርማ ላይ የጨመረው አንድ እባብ ያለውን በትር ነው። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም መግለጫ ሲሰጡ ከኋላቸው የሚታየው እሱ ነው፤ ቆም ብላችሁ እባቡን ቁጠሩ።

ስለዚህ ለክሊኒክ፣ ለሆስፒታል፣ ለሐኪሞችና ለነርሶች ማኅበር፣ ለሕክምና ትምህርት ቤት የአስክሌፒዮስን ውሰዱ። በዚህ ላይ አላመነታም።

ፋርማሲ ከሆነስ?

ለፋርማሲ የሚመረጠው የሂጊያ ጽዋ ነው። ሂጊያ የጤንነት ጠባቂ ናት፤ አባቷ የታመመውን ሲያክም እሷ ጤነኛው እንዳይታመም ትጠብቃለች። በሐውልቶቿ ላይ ከጽዋ እባብ ስታበላ ወይም ስታጠጣ ትታያለች። ጽዋው ለመድኃኒት ቀማሚ ሙያ ምልክት ሆኖ ቢያንስ ከ1796 ጀምሮ ይታወቃል፤ በዚያ ዓመት ለፓሪስ የፋርማሲ ማኅበር በተሠራ ሜዳሊያ ላይ ነበረ። በአውሮፓ ብዙ አገሮች ደግሞ አረንጓዴ መስቀል የተለመደ ነው፤ ከሩቅ ይታያል፣ ማታም በመብራት ያምራል።

የእኔ ምርጫ ጽዋው ነው፤ ታፔላው ትንሽ ከሆነና መንገዱ ላይ ብዙ ሱቅ ካለ ግን አረንጓዴው መስቀል ይሻላል። ክሊኒኩ ውስጥ ያለ መድኃኒት ቤት ከሆነ ለብቻው ሌላ ምልክት አያስፈልገውም።

እባቡ ደንበኛን ቢያስፈራስ?

ይህን ጥያቄ ንቀው የሚያልፉት ዲዛይነሮች አሉ። እኔ አልንቀውም። በአገራችን እባብ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የኤደን ገነቱን ነው። ታማሚ ሆኖ የመጣ ሰው ደጃፍ ላይ ደስ የማይለውን ነገር ማየት የለበትም።

አንዳንዶች "የሙሴ የናስ እባብ ነው" እያሉ ያስረዳሉ። በዘኍልቍ 21 ላይ እባብ የነደፈው ሁሉ የናሱን እባብ አይቶ እንደዳነ፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ላይም ክርስቶስ ያንን እንደጠቀሰው እናውቃለን። ደስ የሚል ማስረጃ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በትር የመጣው ከግሪኩ አስክሌፒዮስ ነው፤ ለደንበኛ ያልሆነውን መንገር አያስፈልግም። የናሱ እባብ ታሪክ የሚያሳየው እባብ በመጽሐፉም ውስጥ የፈውስ ምልክት ሆኖ እንደቆመ ነው። ሕዝቡ ሊያመልከው ሲጀምር ንጉሥ ሕዝቅያስ እንደሰባበረውም በ2ኛ ነገሥት 18 ላይ ተጽፏል።

ክሊኒኩ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ግቢ አካባቢ ከሆነ፣ አልያም አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎች "ይቅርባችሁ" ካሉ፣ ስሟቸው። ልብ፣ እጅ፣ ቅጠል፣ የልብ ምት መስመር፣ ነጭ መስቀል በአረንጓዴ ላይ፣ ሁሉም ይሆናል። በትሩ ማኅበር ላይ፣ ዲፕሎማ ላይ፣ መጽሔት ላይ ይቀመጥ።

ቀይ መስቀልን ግን አትንኩ

ከእባቡ ሲሸሹ ብዙዎች የሚሄዱት ወደ ቀይ መስቀል ነው። ይህ በሕግ የተከለከለ ነው። በነጭ ላይ ያለ ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ በጦርነት ጊዜ ቁስለኛንና አካሚን ለመጠበቅ የቆሙ ምልክቶች ናቸው። የ1949ኙ የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 53 ግለሰብም ሆነ ድርጅት ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምባቸው፣ የሚመስል ነገር እንኳ እንዳይሠራ ይከለክላል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

ለእኛ ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው በ1935 የጣሊያን ወረራ ሊጀምር በተቃረበበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የጣሊያን አውሮፕላኖች በመልካ ዲዳ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሜዳ ሆስፒታል ደበደቡ፤ ቁስለኞችና ሠራተኞች ሞቱ። ያ ምልክት ሲጣስ ምን እንደሚሆን ያየች አገር ናት ይህች። በየመንገዱ በተለጠፈ ቁጥር ዋጋው ይቀንሳል። ታፔላችሁ ላይ ካለ አስጠፉት፤ ቀለሙን ወደ አረንጓዴ መቀየር ይበቃል።

አምቡላንስና እንስሳት ሕክምና

ለአምቡላንስ ባለ ስድስት ጫፍ ሰማያዊ ኮከብ አለ፤ መሐሉ ላይ የአስክሌፒዮስ በትር ያለበት። በ1970ዎቹ በአሜሪካ የወጣ ነው። ስድስቱ ጫፎች አደጋውን ማወቅ፣ መጥራት፣ መድረስ፣ በቦታው ማከም፣ በመንገድ ላይ መንከባከብና ለሆስፒታል ማስረከብ ናቸው። ለእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ የላቲኑ ቪ ፊደል በበትሩ ላይ ተደርቦ ይሠራል።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት

ፋይሉን አጉልታችሁ እዩ። እባቡ አንድ ነው? ክንፍ የለም? በትሩ ምርኩዝ ይመስላል ወይስ የተወለወለ ዘንግ? ጥምጥሙ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ቢሆን ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ክብ ማህተም ላይ ሲያንስ ቀለም ይደፍነውና እባቡ ከበትሩ አይለይም። በአንድ ቀለምም አሳትማችሁ ሞክሩት፤ የሕክምና ማስረጃ ፎቶኮፒ ሲደረግ የሚቀረው ጥቁርና ነጩ ነው።

በመጨረሻም ዲዛይነራችሁ በትሩን ራሱ ይሣለው። የአስክሌፒዮስ በትር የማንም ንብረት አይደለም፤ ሁሉም ይጠቀምበታል። ከዓለም ጤና ድርጅት አርማ ላይ ቆርጦ መውሰድ ግን ሌላ ነው። ሉሉና የወይራ ዝንጣፊው ያለበት አርማ የድርጅቱ ስለሆነ ከእሱ ፈቃድ ሳይገኝ ክሊኒክ ላይ አይለጠፍም።